ራሱ ወጣ ወይ?

ደብረ ሲና ላይ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ ድምፅ የለውም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን መምጣቱን ያውቀዋል፤ የጎረቤት ዶሮ ጩኸት ይደበዝዛል፣ ጢሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ሣሩ ላይ ይተኛል፣ የጭቃው ግድግዳ ያልበዋል። የዚያን ሰኞ ማለዳም እንደዚሁ ሆነ። ትርንጎ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ በረጅሙ ዘነዘና የደረቀውን የኮሶ አበባ ትወቅጥ ነበር። ቀዩ አበባ ሲደቅ አቧራው አፍንጫዋ ውስጥ እየገባ ጉሮሮዋን ያመርረዋል፤ ትንሽ ትወቅጥና ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋን በኩታዋ ጫፍ ትጠርግና እንደገና ዘነዘናውን ታነሣለች። ሥራው ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሥራ ነው፤ ለአባቷም ለወንድሟም ወቅጣለች።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ እንግዳ ያሳድራል። እንግዳውም መድኃኒቱም ስማቸው አንድ ነው፤ ትሉም ኮሶ ነው፣ የሚያስወጣውም ኮሶ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል ያቃተውን የሚያወጣው ግን ይኸው መራራ ነገር ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያን ቀን ከዓለም ተለየ ማለት ነው። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይጋረዳል፣ ፀሐይም የሰው ዓይንም አያየውም። ዳኛ ቢያስጠራው፣ ጎረቤት ቢሞት፣ ደጅ የቆመው ቤተሰብ «ኮሶ ጠጥቷል» ካለ ነገሩ አለቀ፤ የመጣው ሰው «እግዜር ያሽረው» ብሎ ከበሩ ላይ ይመለሳል። ከውስጥ የሚሰማውን ማቃሰትም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

ጠጪውም በዚያን ቀን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ራሱ ወጣ ወይ?» ይሉታል። የትሉ ራስ ማለታቸው ነው። ገላው ክንድ በክንድ ተጎትቶ ቢወጣ ዋጋ የለውም፤ ራሱ ውስጥ ከቀረ ሰውዬው በከንቱ ተሠቃየ፣ ትሉም ከነበረው በልጦ ይበቅላል። ስለዚህ ጠጪው ከጓዳ ሆኖ «ራሱ ወጣ» ሲል ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ በር ይከፈታል፣ ምሳ ይቀርባል።

የትርንጎ ባል ጓንጉል ከመንገዱ ዳር ሉካንዳ አለው። ሲያገባት የነበረውን ጓንጉል ያየ ሰው፣ ሥጋ ሻጭ ነው ቢሉት አያምንም ነበር። የበሬውን ግንባር በመዳፉ ሳይዳብስ፣ ጆሮው ሥር አንድ ነገር ሳያንሾካሹክ ቢላዋ አያነሣም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሲዳብስ ኮርማ ወግቶት የግራ ቅንድቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ጓደኞቹ «እዘንለትና ይውጋህ» ብለው ሳቁበት፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ጠባሳው ላይ ጠጉር ሳይበቅል ቀረ። ሚስቱን ሎሚት ነበር የሚላት። «ትርንጎ ያሉሽ እናትሽ ናቸው፤ የኔ ድርሻ ሎሚ ነው» ይላታል፤ እሷ የተቆጣች መስላ ፊቷን ታዞራለች፣ አንጀቷ ግን ቅቤ ይጠጣል።

ሰው በአንድ ቀን አይበላሽም። ጓንጉል መበላሸት የጀመረው በመብላት ነው። ሉካንዳው ውስጥ ጥሬውን ሲቆርጥ ውሎ ይመጣና የቤቱን መሶብ ባዶ ያደርጋል፤ ባዶ ያደረገውን ያህል ግን ይከሳል፤ አንገቱ ቀጠነ፣ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሆዱ ብቻ ተነፋ። ከዚያ ዝምታው መጣ፣ ከዝምታው በኋላ ዱላው መጣ። የመጀመሪያው ቀን ወጡ ቀጠነ ብሎ ነው፤ በእጁ በያዘው የበሬ ቅልጥም አፏን መታትና ሁለት ጥርሷን ከነደሟ ወለሉ ላይ ተፋች። ከዚያ ወዲያ ምክንያትም አላስፈለገውም። ኮሶ ጠጣ ያለችው ቀን ጠጉሯን ይዞ፣ የግድግዳው ምርጊት እስኪፈረፈር ድረስ ጭንቅላቷን አጋጨው። ሎሚት የሚለው ስም ከአፉ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ የምትጠራው «አንቺ» ተብላ ነው። ጎረቤት ሲጠይቃት ወደቅሁ ትላለች፣ ጎረቤትም አይዞሽ ይላታል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ተዘጋና ባሰበት። ጾም ለሌላው ሰው የነፍስ ማረፊያ ነው፤ በዚያ ቤት ግን ሥጋ የተነፈገ አንድ ነገር ከግድግዳ ግድግዳ ይንጎራደድ ነበር። ጓንጉል የአልጋውን ጠፍር ማኘክ ጀመረ። ትርንጎ አልጋው አንድ ወገኑ እየሰመጠ ሲሄድ ጠፍሩ አርጅቶ መስሏት ነበር፤ የጥርስ ምልክቱን ያየችው አንሶላ ልታነጥፍ ስትል ነው። አንሶላውን አልብሳ ሸፈነችው።

በእኩለ ጾሙ ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጓንጉል ትንሿን ልጃቸውን እልፌን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጠጉሯን ይዳብስ ነበር። ትርንጎ እንዲህ ሆኖ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታልና ልቧ ደስ አለው፤ ክር እየፈተለች በጎን ታያቸው ነበር። ድንገት አጎንብሶ የልጅቷን ትከሻ ነከሰ። እንደ ጨዋታ ያለ ንክሻ አልነበረም፤ ጥርሱ ሲገባ ድምፁ ተሰማ። ልጅቷ ጮኸች፣ እሱ አልለቀቀም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው እየተነፈሰ ይስብ ነበር። ትርንጎ ከወፍጮው ላይ መጁን አንሥታ መንጋጋውን መታችው፣ አልለቀቀም፤ ደግማ መታችው፣ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። ከዚያ የከንፈሩን ደም በጣቱ ነካና አየው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የድሮው ፊቱ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ብቅ አለ። «ሎሚት» አላት፣ እያለቀሰና በሹክሹክታ፤ «አጠጪኝ። ሳይሰማን አጠጪኝ።»

ወንድሟ ላቀው የልጅቷን ቁስል ባየ ጊዜ ዛሬውኑ ልውሰዳችሁ አለ። ትርንጎ እንቢ አለችው። ሰው ይፍረድባት ካለ ይፍረድባት፤ ያ ስም ከዚያ አፍ ወጥቶ ስትሰማ ባሏ እዚያው ውስጥ መኖሩን አወቀች፣ ጥላው ልትሄድ አልቻለችም። «ሰኞ ይጠጣ» አለችው። «ካልሻረው እኔ ነኝ ልጄን አዝዬ ወዳንተ የምመጣው።» ላቀው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ መጥቼ አያለሁ ብሎ ሄደ።

ኮሶውን የሰጧት እማማ ጠጂቱ ናቸው። ስማቸው ጠጂቱ፣ የሚያጠጡት ኮሶ፤ አገሩ ሁሉ በዚህ ይቀልድባቸዋል፣ እሳቸው ግን ቀልድ አያውቁም። ትርንጎ የሆነውን ስትነግራቸው የሴቴውን ኮሶ ቀይ አበባ ከጣራው ላይ አወረዱላት። «ራሱ ወጣ ካላለሽ በሩን እንዳትከፍቺ» አሏት። «ከወጣ በኋላ የወጣውን ሸፍነሽ ከቤት አርቂው። እንዳታዪው። ራሱን ጨፍልቀሽ ቅበሪው። ቢጠራሽ ደግሞ አቤት እንዳትዪ።»

«ትል ይጠራል እንዴ እማማ?» አለች ትርንጎ።

«ልጄ፣ እንደ ነገርኩሽ አድርጊ» ብለው አበባውን በቅጠል ጠቀለሉላት።

እንግዲህ ያንን ነው በዚያ ጉም ውስጥ የምትወቅጠው። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ባረፈ ቁጥር ከትልቁ ቤት አንድ ድምፅ ይሰማት ነበር፤ መጀመሪያ የዘነዘናዋ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ የሚመለስ መሰላት። ቆም አለች፣ ድምፁም ቆመ። ወቀጠች፣ ድምፁ አብሮ ተነሣ፤ አጭር፣ ከአፍ ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ ማቃሰት ነበር፣ ከዘነዘናው ጋር እኩል የሚወጣ፣ እኩል የሚወርድ። በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ጓንጉል በጀርባው ተጋድሞ ተኝቷል፤ አፉ ተዘግቷል። ጋቢው ግን ሆዱ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ተመለሰችና የቀረውን በዝግታ አደቀቀችው።

ቢላዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በጆንያ ከትቶ ከቤት ያወጣቸው ጓንጉል ራሱ ነበር። ወደ ጓዳው የገባውም በገዛ እግሩ ነው፤ ጓዳው መስኮት የሌለው፣ እህል የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ሲሆን አንድ አልጋና አንድ የቆርቆሮ ባልዲ ብቻ ተደርጎበታል። እልፌ ትኩሳት ይዟት ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ ተኝታለች፤ ትከሻዋ አብጦ ቀልቷል። ትርንጎ ኮሶውን በለብ ባለ ውኃ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ እንዳያስመልሰው የሚያሸተው ሎሚም አብራ ይዛለት ገባች። ጣሳውን ተቀበላትና ሳይተነፍስ ጨለጠው። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እጁ ሎሚ ፍለጋ ይዘረጋል። ጓንጉል ግን ከንፈሩን ላሰ። «ይጣፍጣል» አለ፣ ጣሳውን ገልብጦ የቀረችውን ጠብታ ምላሱ ላይ እያንጠባጠበ። ትርንጎ ስትበጠብጠው ጣቷ ላይ የቀረውን ቀምሳ ነበር፤ ምሬቱ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተሰምቷታል። ያልነካውን ሎሚ እዚያው ትታ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ወፍራሙን መወርወሪያ ከውጭ ቀረቀረችበት።

መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ቤቱን ሞላው፤ ቀን ይሁን ማታ የማያስታውቅ ግራጫ ጨለማ ሆነ። ከዚያ ማቃሰቱ ጀመረ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ኮሶ ሆድ ይቆርጣል። ትርንጎ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ዘነዘናውን ጭኗ ላይ አጋደመችው። «ራሱ ወጣ ወይ?» ብላ ጠየቀች። «ገና ነው ሎሚት» የሚል ደካማ ድምፅ መለሰላት፤ «ምንም ብልሽ እንዳትከፍቺ።» እንባዋ መጣ። ያን ድምፅ እንዴት እንደናፈቀችው ያወቀችው ገና ያኔ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሌላ ነበር። አልጋው ተሰበረ፤ እግሩ ሲነቀል፣ እንጨቱ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ጭቃው ሲናድ በየተራ ሰማችው። «ክፈቺ፣ አንቺ!» እያለ በትከሻው በሩን ይመታው ጀመር፤ መወርወሪያው ይንጣጣል፣ የማጠፊያው ምስማር ትንሽ በትንሽ ይወጣል፣ እሷ በጀርባዋ ትገፋለች። በትከሻው መምታቱን ትቶ በጭንቅላቱ መምታት ጀመረ፤ ይህንን ያወቀችው ድምፁ ስለተለወጠና ከበሩ ሥር ደም እየፈሰሰ መጥቶ ቀሚሷን ስላራሰው ነው። ከዚያ እጁን ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት አወጣና ቁርጭምጭሚቷን ያዘ። ጥፍሮቹ ሥጋዋ ውስጥ ገቡ። ወደ ክፍተቱ እየጎተታት፣ እግሯ ከእንጨቱ ጋር እየተላተመ፣ ጮኸች፣ ለመነችው፣ ጓንጉል ብላ ጠራችው፤ ከበሩ ወዲያ የሚመልስላት አፍ እንደሚያኝክ ሰው ያላምጣል። ዘነዘናውን አንሥታ ጣቶቹ ላይ አወረደችው። የመጀመሪያው ምት አላስለቀቀውም። በሁለተኛው አጥንቶቹ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበሩ፤ በሦስተኛው እጁ ተመልሶ ገባ። በገዛ እጇ የባሏን ጣት ሰበረች፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ላቀው የደረሰው በዚህ መሀል ነው። «እታለም! ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» አለ ከአጥሩ በር ላይ። ትርንጎ ቀሚሷን አዙራ ደሙን ደብቃ፣ እያነከሰች ወጣች። ወንድሟን ባየች ጊዜ ግባና በሩን ያዝልኝ ልትለው አፏን ከፈተች። ነገር ግን ያንጊዜ ከቤት ውስጥ ጩኸቱ ቆሞ፣ ቀጭን፣ የተሰበረ የልቅሶ ድምፅ መጣ፤ «ሎሚት፣ ሊወጣ ነው... ሊወጣ ነው መሰለኝ።»

«ኮሶ ጠጥቷል» አለችው ወንድሟን።

ላቀው የእግሯን ደም አየ፣ ፊቷን አየ። «ልጅቷን እንኳ ልውሰዳት» አላት።

«ትኩሳት አለባት፣ ይሄ ጉም ይገድላታል። ማታ ትመጣና ትወስዳታለህ። አሁን ሂድ ላቀው፣ አንተ እዚህ ከቆምክ አይሽረውም።»

የሰው ቤት ሥርዓት አለው፤ ኮሶ ጠጥቷል የተባለበትን ደጅ ጥሶ የሚገባ የለም። «እግዜር ያሽረው» አለ ሳይወድ በግዱ። ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ጉሙ ዋጠው።

ስትመለስ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ረጅምና እርጥብ ነገር የአፈሩ ወለል ላይ ይጎተታል። የታጠበ ጋቢ በሣር ላይ ሲጎተት እንዲህ ያለ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ጋቢ ጫፍ አለው፣ ይህ ጫፍ አልነበረውም። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ሰው ተዘርግቶ ቢተኛ ሁለቱን ግድግዳ ይነካል። ድምፁ ግን ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ ግድግዳ የሌለ ይመስል ይሄዳል፣ አንዳንዴ ይታጠፍና እላዩ ላይ ይወድቃል፣ እንደገና ይሄዳል። ከበሩ ሥር የሚወጣው ሽታ የቆሻሻ አልነበረም። ትኩስ ሥጋ ይሸት ነበር፤ የፋሲካ ማለዳ ሉካንዳው ሲከፈት የሚሸተው ዓይነት፣ ጣፋጭና ሞቃት። ትርንጎ በዚያ ጾም ውስጥ አፏ ምራቅ ሞላ፤ በራሷ አፈረችና አፍንጫዋን ያዘች። ከጓዳው በስተ ውስጥ አንድ ሰው አንዴ ብቻ ቃተተ፤ ሸክም ሲወርድለት እንደሚቃትት ሰው።

ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«ጓንጉል» አለች። «ራሱ ወጣ ወይ?»

«ራሱ ወጣ» አለ፣ የተረጋጋ፣ ለስላሳ ድምፅ።

በደስታ መወርወሪያውን አነሣችው። ጓዳው ውስጥ ጓንጉል የተሰበረው አልጋ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ግንባሩና ፊቱ በደም ተሸፍኗል፣ ትንፋሹ ግን የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ነው። ሆዱ ሰልሏል። ባልዲው በጋቢው ተሸፍኗል። «ውሰጂው፣ አንቺ» አላት በቀስታ። ክፉ ቃል አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ያለ ቁጣ የተነገራት የመጀመሪያ ቃል ነበርና ስሟን አለመጥራቱን ልብ አላለችውም። ውኃ ሰጥታው ፊትህን ታጠብ አለችው፤ እማማ ጠጂቱ እንዳዘዟት ዓይኗን ወደ ባልዲው ሳትመልስ አነሣችው። ከባድ ነበር። እጀታው መዳፏን እየቆረጠው፣ የቆሰለውን እግሯን እየጎተተች፣ ዘነዘናውን በብብቷ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

ከጌሾው ሥር አስቀመጠችው። ጉሙ ቤቱንም አጥሩንም ወስዶባታል፤ የሚታያት ባልዲው፣ ጋቢውና የራሷ እግር ብቻ ነው። ጋቢው መሀሉ ላይ ቀስ ብሎ ከፍ አለ።

«ሎሚት» አለ ከሥሩ።

ቢጠራሽ አቤት እንዳትዪ፤ እማማ ጠጂቱ ብለዋታል፣ አውቀው ነው ያሏት። ባሏን የበላ፣ ጥርሷን ያወለቀ፣ የልጇን ትከሻ የቦጨቀ ነገር አሁን ደግሞ በባሏ ድምፅ ሊያታልላት ነው። ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠባት። ዘነዘናውን በሁለት እጇ አንሥታ ባለ በሌለ ኃይሏ አወረደችው። «ሎሚት፣ እኔ...» አለ፤ ደግማ አወረደችው። ስለ እያንዳንዷ ቀን መታችው፤ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ጭንቅላቷ፣ ስለ ፈረሰው ምርጊት፣ ከዚያ ስለ እልፌ መታችውና ስለ እልፌ ስትመታ መቆም አቃታት። ባልዲው ተጣመመ። ጋቢው እየቀላ፣ እየረጠበ ሄደ። ድምፁ ይለምናት ነበር፤ ለምኖ ለምኖ ወደ ማንሾካሾክ ወረደ፤ አንድ ነገር ቀስ ብሎ፣ ደግነት ባለው ቃና ያንሾካሹክ ነበር፣ ሊታረድ ላለ ከብት እንደሚንሾካሾክለት። ይህን ዓይነት ማንሾካሾክ ሰምታ ታውቃለች። ዘነዘናው ግን በአየር ላይ ነበርና ወረደ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

እንዳታዪው ተብላ ነበር። ጋቢውን በዘነዘናው ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥብጣብ የመሰለ ነገር በላይ በላዩ ተጣጥፏል፤ መጨረሻው አይታይም። ጫፉ ላይ፣ ከተደቆሰው ነገር መሀል፣ አንድ ቅንድብ ሳይጠፋ ቀርቷል፤ የግራ ቅንድብ። መሀሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ የተከፈለው ቦታ ጠጉር አላበቀለም።

«ራሱ» አለች ትርንጎ። ቃሉን አፏ ውስጥ ደጋግማ አገላበጠችው። ራሱ ወጣ ወይ ብላ የጠየቀችው እሷ ናት፤ የተመለሰላት መልስ ውሸት አልነበረበትም። ለቅሶዋን እንኳ ሳትጀምረው ከእልፌ ጋር ትታው የመጣችው ምን እንደሆነ ገባትና ዘነዘናውን ጥላ ሮጠች።

ማድ ቤቱ ተከፍቷል። ምድጃው አጠገብ ያለው መኝታ ባዶ ነው፤ እልፌ የለበሰችው ነጠላ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ትርንጎ እየተደናቀፈች ወደ ትልቁ ቤት ገባች። ጓንጉል ፊቱን ታጥቧል። ሁለቱም ቅንድቦቹ ሙሉ ናቸው፤ ግንባሩ ላይ ጭረት እንኳ የለበትም። እልፌን ጭኑ ላይ አስቀምጧት፣ በተሰበሩት ጣቶቹ ሆዷን ቀስ እያለ ክብ በክብ ያሻሸዋል፤ ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት እየታጠፉ፣ እሱ ግን ምንም ሕመም አይታይበትም። ልጅቷ ትኩሳት ባደከመው ዓይኗ እናቷን ታያለች፣ አታለቅስም። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ከሠፈነ ስንት ዘመኑ። ትርንጎ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች፤ እሱ ልጅቷን ትንሽ ጠበቅ አደረጋትና፣ በዚያ ቁጣ በሌለበት ድምፁ፣ «ይህችም ሆዷን ያማታል፤ ነገ በጥብጭላት» አላት።